የትኛውን ቴስት ልሥራ?

ግንቦት ሲገባ አማካሪ የሆነ መምህር ሁሉ የስልኩን ጥሪ መፍራት ይጀምራል። ደዋዩ ከሞጣ ይሁን ከቢቸና፣ ከደጀን ይሁን ከደብረ ወርቅ፣ ነገሩ አንድ ነው። «መምህር፣ ዳታውን ሰብስቤ ጨርሻለሁ። አሁን የትኛውን ቴስት ልሥራ?» ይላል። ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ፤ ከባዱን ጨርሶ ቀላሉ የቀረው ሰው ደስታ። አማካሪው ግን ያውቃል፤ ከባዱም ቀላሉም አልፏል፣ የቀረው መሸፋፈን ነው።

ይህን እሮሮ የማሰማው ለራሴ ብቻ አይደለም። የገጠር ልማት፣ የኢኮኖሚክስ፣ የጤና ወይም የትምህርት አስተዳደር ተማሪ የሚያማክር ሁሉ ሻይ ቤት ሲቀመጥ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ተማሪው የምሥራቅ ጎጃምን ደጋና ቆላ ዞሮ፣ አራት መቶ ሰው ጠይቆ ይመጣል። ያንን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀ፣ መልሱን በዚያ መልክ ለምን እንደመዘገበ፣ ከምንስ ጋር ሊያወዳድረው እንዳሰበ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ቴስት ግን ይፈልጋል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው።

ቴስት መምረጥ እኮ ምሥጢር የለውም። አራት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ የሚለካው ነገር ምን ዓይነት ነው? እንደ ጤፍ ምርት በኩንታል የሚቆጠር ነው፣ እንደ «አዎ» እና «የለም» የሚመደብ ነው፣ ወይስ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የሚባል ደረጃ ብቻ ያለው ነው? ሁለተኛ፣ የሚወዳደሩት ቡድኖች ስንት ናቸው? ሦስተኛ፣ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይስ ያው ሰው ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ነው? አራተኛ፣ ሰዎቹ የተመረጡት አንድ በአንድ በዕጣ ነው ወይስ መጀመሪያ ቀበሌ ተመርጦ ከዚያ ውስጥ ነው? እነዚህን የመለሰ ተማሪ ቴስቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ሁለት ቡድን በኩንታል ሲወዳደር ቲ ቴስት፣ ከሁለት ሲበልጥ አኖቫ፤ ደረጃ ብቻ ሲሆን ማን ዊትኒ ወይም ክሩስካል ዋሊስ፤ ምድብ ከምድብ ሲሆን ካይ ስኩዌር፤ ያው ሰው በፊትና በኋላ ሲጠየቅ የጥንድ ቲ ቴስት ወይም ዊልኮክሰን። አለቀ። አራቱን ሳይመልስ የመጣ ግን የአገሩ ስታቲስቲሻን ሁሉ ቢሰበሰብለት አይድንም፤ ምክንያቱም አራቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት ከመጠይቁ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ከሁሉ የሚያታክተኝ ምዕራፍ ሦስት ላይ የሚቀመጠው የታሮ ያማኔ ቀመር ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በታተመው የመማሪያ መጽሐፉ ምክንያት ይህ ሰው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከብዙ ደራሲ በላይ ይጠቀሳል፤ መጽሐፉን ገልጦ ያየ ተማሪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ቀመሩ የሕዝቡን ቁጥር ተቀብሎ የናሙናውን ቁጥር ይተፋል። 1,000 አባወራ ቢሰጡት 286፣ 5,000 ቢሰጡት 370፣ 20,000 ቢሰጡት 392፣ 100,000 ቢሰጡት 398 ይላል። አምስት ከመቶ ስሕተት እስከተፈቀደ ድረስ አገሩን በሙሉ ቢሰጡትም ከ400 አያልፍም። ያማኔን ያልወደደ የኮክራንን ቀመር ይይዝና 384 ያመጣል። ከዚያ አሥር ከመቶ «መልስ ለማይሰጡ» ተጨምሮ 423 ይሆናል። ይህን 423 በጤና ጥናቶች ላይ ያላየ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው።

ቀመሩ በራሱ አልከፋም። የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሙሉ ዝርዝር አንድ በአንድ በዕጣ የወጡ ሰዎች ውስጥ ስንት ከመቶው «አዎ» እንደሚሉ በአምስት ከመቶ ልዩነት ለማወቅ ስንት ሰው ይበቃል? ሁለት ቡድን ስለማወዳደር አያውቅም። አሥራ አራት ተለዋዋጭ ስላለው ሪግሬሽን አያውቅም። ስለ ቀበሌም አያውቅም። ተማሪያችን ደግሞ የሚያደርገው ወረዳውን ይመርጥና፣ ከወረዳው አራት ቀበሌ «በዓላማ» ይመርጣል (ዓላማው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና መንገድ ነው)፣ ከዚያ 392ቱን ለአራቱ ያከፋፍላል።

እስቲ እንቁጠረው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ይመሳሰላሉ። አፈራቸው አንድ ነው፣ ገበያቸው አንድ ነው፣ የግብርና ባለሙያቸው አንድ ነው፣ በረዶ የመታው ዓመትም አንድ ነው። የመመሳሰላቸው ልክ ትንሽ፣ 0.05 ብቻ ነው እንበል። በአንድ ቀበሌ 98 ሰው ሲጠየቅ የናሙናው ክብደት በ5.85 ይካፈላል፤ 97ን በ0.05 አባዝቶ አንድ መጨመር ነው። 392 ለ5.85 ሲካፈል 67 ነው። በዕጣ አንድ በአንድ ቢመረጡ 67 ሰዎች የሚነግሩትን ያህል ለማወቅ 392 ሰው ከሥራው አስፈትቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። 392 ረድፍ ያያል፣ 392 ነጻ ምስክር ያገኘ መስሎት በፒ ቫልዩው ይኩራራል። እኛም አብረን እንኩራራለን።

ዝርዝሩስ ከየት ይመጣል? ከቀበሌ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀጣዩ ተራዝሞ ተራዝሞ አገሩ በትንበያ ይኖራል። በቀበሌው መዝገብ ያለው ግብር ከፋዩ፣ ባለ ይዞታ ደብተሩ ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ ከአባቱ ማሳ በእኩል የሚያርሰው ሙሽራ መዝገቡ ውስጥ የለም። ከዚያ ጥናቱ «የወጣቶች የመሬት ተደራሽነት» ይባላል።

ወደ መጠይቁ ስንሄድ ነገሩ ይብሳል። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከሌላ አገር ጥናት ተወስዶ ነው የሚጻፈው ማለት ይሻላል። ከዚያ ወደ አማርኛ ይመለሳል። «የኤክስቴንሽን አገልግሎቱ ፍላጎትን ያማከለ ነው፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም።» ይህንን ይዞ ከቢቸና ወጣ ብሎ የጤፍ አውድማ ላይ የቆሙ አባት ዘንድ መሄድ ነው እንግዲህ። አባት ፀሐዩን ያያሉ፣ ልጁን ያያሉ፣ የያዘውን ወረቀት ያያሉ። «ደኅና ነው፣ ተመስገን» ይላሉ። መረጃ ሰብሳቢው ያስባል፤ «ደኅና ነው» የትኛው ቁጥር ነው? አራት ይሆናል ብሎ ያከብባል። አጠገቡ የግብርና ባለሙያው ራሱ መንገድ ሊያሳይ መጥቶ ቆሟል። «እኚህ ልጅ እኮ የኛው ናቸው፣ እንዴት ብዬ አልስማማም እላለሁ?» የሚሉ ትሑት ሰው ናቸው። እንግዳ ሆኖ ደጃቸው የቆመን ሰው «በጣም አልስማማም» ማለት በጎጃም ባላገር ወግ ስድብ ነው። ከዚያ 3.94 አማካይ ይወጣና «የአርሶ አደሩ እርካታ ከፍተኛ ነው» ተብሎ ይጻፋል።

ይህ 3.94 ራሱ ሌላ ሸክም ነው። ሬንሲስ ላይከርት በ1932 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያወጣ የብዙ ዐረፍተ ነገሮች መልስ ተደምሮ የአንድን ሰው አመለካከት እንዲያሳይ ነበር። የኛ ተማሪ ግን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ለብቻው አማካይ ያወጣለታል፣ ከ3.41 እስከ 4.20 «ከፍተኛ» ነው የሚል ሠንጠረዥ ከአንድ ቦታ ያመጣል፣ ሃያ ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ከእያንዳንዱ ሥር «ከላይ በሠንጠረዡ እንደተመለከተው» ብሎ ሠንጠረዡን በቃል ይደግመዋል። ስንት ሰው ምን እንዳለ በመቶኛ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃ ነበር። የሚያስነብበውም እሱ ነበር።

ስለ መሬት መጠየቅማ በዚህ አገር ሌላ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ እምቢ ብሎ ተነሣ። መሬቱ ከተለካና ከተገመተ ርስቱ የተወሰደ ነው ብሎ ነበር የሰጋው፤ ገማች ኮሚቴ ወደ ቀዬው ዝር እንዳይል ከለከለ፣ መንግሥት ጦር ላከ፣ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ገና የአባወራው ትዝታ ነው፤ ያኔ ስንት ጥማድ እንዳለው የተናገረ ሰው ምን እንደደረሰበት ልጁም ያውቃል። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ያንጠለጠለ ልጅ መጥቶ «ስንት ጥማድ መሬት አለዎት?» ሲል ምን ይመለስለት? ትንሽ ይቀነስለታል። ሁሉም ሰው በዘፈቀደ ቢሳሳት ስታቲስቲክስ ይችለዋል፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲቀንስ ግን የሚያድን ቴስት የለም። ለዚህ ነው በዓለም ባንክ ድጋፍ የሚካሄደው የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ዳሰሳ ጥናት ገበሬውን ከመጠየቅ አልፎ ማሳውን በጂፒኤስ ዞሮ የሚለካው። ጥማዱም ቢሆን ሩብ ሄክታር ይባላል እንጂ የበሬው ጉልበትና የመሬቱ አቀማመጥ በየቦታው ያሰፋዋል፣ ያጠበዋል። ቁናውም እንዲሁ ነው። የሞጣን ቁና ከየጁቤ ቁና ጋር ሳያመሳክር ደምሮ አኖቫ የሠራ ተማሪ የምርት ልዩነት አግኝቻለሁ ሲል፣ ያገኘው የስፌት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው፣ ዛሬ ይህን ሁሉ ቁጥር የምንጨምርበት ኤስፒኤስኤስ የተባለው ሶፍትዌር አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። የጎጃም ገበሬ አልለካም፣ አልገመትም ባለበት ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱ እስካሁን አልታረቁም።

ካይ ስኩዌርን እንይ። ተማሪው ዕድሜን፣ ጾታን፣ የትምህርት ደረጃን፣ የጋብቻ ሁኔታንና ሃይማኖትን ይጠይቃል፤ ለምን እንደሆነ ባያውቀውም ሁሉም መጠይቅ የሚጀምረው በዚያ ነው። ከዚያ ሁሉንም «የማዳበሪያ አጠቃቀም ደረጃ» ከተባለው ጋር በካይ ስኩዌር ያጋጥማል። በ1999ኙ ቆጠራ ከምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ 97 ከመቶ የሚሆነው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነው። ከ392 ሰው የቀረው አሥር ገደማ ነው። አሥሩ በሦስት የማዳበሪያ ደረጃ ሲከፋፈሉ በየሳጥኑ ሦስት ሦስት ሰው ይገባል። የካይ ስኩዌር ስሌት ደግሞ በየሳጥኑ የሚጠበቀው ቁጥር ከአምስት ሲያንስ አያስተማምንም። ሶፍትዌሩ ይህን ከሠንጠረዡ ሥር በትንሹ ጽፎ ያስጠነቅቃል፤ ተማሪው ግን ያንን መስመር ቆርጦ ሠንጠረዡን ይለጥፋል። የፊሸር ትክክለኛ ቴስት ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቂት ቁጥር ነበር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዘጠና ሰባት ከመቶው አንድ ዓይነት በሆነበት አገር ያንን ጥያቄ ለማዳበሪያ ጥናት አለመጠየቅ ነበር።

ሌላው የዘመኑ በሽታ የኖርማሊቲ ቴስት ነው። አንዱ ፈታኝ አንድ ቀን «ኖርማሊቲ አረጋግጠሃል ወይ?» ብሎ ስለጠየቀ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሻፒሮ ዊልክ ይሠራል። ናሙናው አራት መቶ ሲሆን ይህ ቴስት ኢምንቷን ጉድለት ያያል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «ኖርማል አይደለም» ይላል። ዕድሜ እንዴት ኖርማል ይሆናል? ባላገሩ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ፣ አርባ አምስት እያለ ነው የሚመልሰው። ተማሪው ደንግጦ ቲ ቴስቱን ይጥላል። ቲ ቴስትን ያወጣው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በ1908 እ.ኤ.አ. «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ጥቂት ናሙና ብቻ ሲኖር እንዴት ይፈረዳል ለሚል ችግር ነው። ኖርማልነት ያስጨነቀው ያኔ ነው፣ ናሙናው አራትና አምስት ሲሆን። በየቡድኑ ሁለት መቶ ሰው ላለው ተማሪ ቲ ቴስቱ ችሎ ያልፋል፤ ጥቂት ባለጸጎች አማካዩን ካልጎተቱበት በቀር። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ቴስት አያስፈልግም፣ ዳታውን በሥዕል ማየት ይበቃል። ግን ማን ያያል? ከትርጉሙ በፊት ሠንጠረዡ ይጣደፋል።

ከዚያ የለቅሶው ቀን ይመጣል፦ «መምህር፣ ሲግኒፊካንት አልወጣልኝም።» ሰው የሞተበት ይመስላል። የማዳበሪያ ዋጋ ከአጠቃቀሙ ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ውጤት ትምህርት መሆኑን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ዕድሜን በሦስት ይከፍለዋል፤ አልወጣም፤ በአራት ይከፍለዋል። ከሌላው ርቀው የወጡትን ሰዎች ያወጣል። ቆላውን ለብቻ፣ ደጋውን ለብቻ ይሞክራል። በሃያኛው ሙከራ 0.043 ይወጣል። ይጨፍራል። አንድም እውነተኛ ግንኙነት በሌለበት፣ ሃያ ነጻ ቴስት በ0.05 የሠራ ሰው ቢያንስ አንድ የሐሰት «ሲግኒፊካንት» የማግኘት ዕድሉ 64 ከመቶ ነው። ይህ ግኝት አይደለም፤ ዕጣ ነው። 0.05ን ያስለመደው ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ምቹ ድንበር ብሎ እንጂ ከሰማይ የወረደ ሕግ ብሎ አላስቀመጠውም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ሳይንሳዊ ድምዳሜም ሆነ የፖሊሲ ውሳኔ ፒ ቫልዩ ከአንድ ድንበር በላይ ወይም በታች በመሆኑ ብቻ መመሥረት እንደሌለበት ጽፏል። እኛ ዘንድ ግን 0.049 ያስመርቃል፣ 0.051 ያስለቅሳል። ፒ ቫልዩ 0.000 ነው ብሎ የሚጽፈውስ? ዜሮ የሆነ ፒ ቫልዩ የለም፤ ሶፍትዌሩ ሦስት አሐዝ ብቻ ስለሚያሳይ ነው። ከ0.001 ያነሰ ነው ተብሎ ይጻፋል። ይህንን በየዓመቱ ለየተማሪው መድገም የጡረታ ዕድሜን ያቀርባል።

የጤና ተማሪዎቻችን ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይወዳሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻ ሠርተው ፒው ከ0.25 ያነሰውን ሁሉ ወደ ዋናው ሞዴል ያስገባሉ፤ የምክንያት ሐሳብ የለም፣ ወንፊት ብቻ ነው። ከዚያ «የተማሩ እናቶች ሽንት ቤት የመጠቀም ዕድላቸው በ2.67 እጥፍ ይበልጣል» ይጻፋል። ከተማሩት 80 ከመቶ፣ ካልተማሩት 60 ከመቶ ይጠቀማሉ እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሚዛን 80 ለ20፣ አራት ነው፤ የሁለተኞቹ 60 ለ40፣ አንድ ተኩል ነው፤ አራት ለአንድ ተኩል ሲካፈል 2.67 ነው። ሂሳቡ ልክ ነው። ግን 80 ከመቶ ከ60 ከመቶ የሚበልጠው በአንድ ሦስተኛ እንጂ በእጥፍ አይደለም። ነገሩ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነገር ሲሆን ይራራቃሉ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ግን የሚያነበው «እጥፍ» የምትለዋን ነው።

ደግሞ ምሳሌ አጥተን አይደለም። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው፣ በእነማይ ወረዳ ያለው የየትመን ቀበሌ በዓለም የልማት ኢኮኖሚክስ ስሙ የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል፣ ከኦክስፎርድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ጥናት ማዕከልና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ባካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ15ቱ የጥናት መንደሮች አንዱ ነበር። 1,477 ያህል ቤተሰቦች እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ በየጊዜው ተጠየቁ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ የተጠየቁት ያው ቤተሰቦች ናቸው። ቤተሰቡ ከራሱ ጋር ይወዳደራል፤ ሰነፍና ታታሪ፣ ለምና ጭንጫ አይደባለቁም። ደግሞም ጥናቱ 15 መንደር ኢትዮጵያን በሙሉ አይወክልም ብሎ ራሱ ይናገራል። የኛ ተማሪ ተመሳሳይ ዕድል ሲያገኝ፣ ማለትም ከሥልጠና በፊት 200 ገበሬ ጠይቆ ከሥልጠና በኋላ ያንኑ 200 ሲጠይቅ፣ ስማቸውንም ቁጥራቸውንም አይዝም፤ «ምሥጢር ለመጠበቅ» ብሎ። ከዚያ 400 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ በተራ ቲ ቴስት ያወዳድራቸዋል። የደከመበትን ዋናውን ሀብት በገዛ እጁ ጣለው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የምሥጢር ቁጥር መስጠት ይበቃ ነበር።

ሰባራ ድልድይንም ላንሣ፤ ሞጣን የሚያውቅ ያውቀዋል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን ሰው በገመድ እየተጎተተ ከጎጃም ወደ ደቡብ ጎንደር ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ፎቶግራፍ በ2001 እ.ኤ.አ. መጽሔት ላይ አይቶ ተነሣ፤ በዓመቱ ድልድዩ ተጠገነ፣ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅትም ከዚያ ተወለደ። በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በኋላም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ይህን የሰማ ተማሪ «የድልድዩ ተጽዕኖ በአርሶ አደሩ ገቢ ላይ» ብሎ ርዕስ ያወጣል። ከሞጣ በኩል 200፣ ከማዶ 200 ሰው ጠይቆ ቲ ቴስት ይሠራል። ልዩነት ቢያገኝ የምንድን ነው? ድልድዩ እኮ ለሁለቱም ዳር ነው። ያገኘው የጎጃምና የጎንደር አፈር ልዩነት ይሆናል።

ያው ድርጅት ኒካራጓ ውስጥ ድልድይ ሲሠራ ዋያት ብሩክስና ኬቨን ዶኖቫን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ምን እንዳደረጉ ያየ ሰው ግን ልዩነቱ ይገባዋል። ድልድይ ከሚያስፈልጋቸው 15 መንደሮች ውስጥ የወንዙ ዳር ለግንባታ የተመቸላቸውን፣ እኩል እያስፈለጋቸው ዳሩ ካልተመቸላቸው ጋር አወዳደሩ። በመንደሮቹ ያሉትን ቤተሰቦች ከግንባታው በፊትም በኋላም ጠየቁ፤ በየጊዜውም ስልክ እየደወሉ ጎርፍ በመጣበት ሳምንት የቀን ሥራ ገቢያቸው ምን እንደሆነ መዘገቡ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኢኮኖሜትሪካ ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ ድልድይ በሌለበት ጎርፍ የቀን ሥራ ገቢን በ18 ከመቶ ይቀንስ እንደነበር፣ ድልድዩ ይህን ጉዳት እንዳጠፋው አሳዩ። ፒ ቫልዩአቸውንም ያሰሉት መንደሮቹ 15 ብቻ መሆናቸውን በሚያውቅ ዘዴ ነው እንጂ በሺህ የሚቆጠር ረድፍ አለን ብለው አልተኩራሩም። ቴስቱን ያስመረጣቸው ወንዙ ነው፣ ንድፉ ነው።

ኮምፒውተር ቤቱን ማማት አልፈልግም። ከፎቶ ኮፒና ከጥራዝ ጎን «ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» ብሎ የለጠፈው ልጅ እንጀራውን ነው የሚፈልገው፤ የሚያሳፍረው የኛ ክፍል ሥራውን ለእሱ መተዉ ነው። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ አለ፤ ጠይቀው፣ ቴስቱን በሚያምር ቋንቋ ይመርጥልሃል። ቀበሌዎቹ እንዴት እንደተመረጡ ካልነገርከው ግን አያውቅም፤ አንተም አታውቅም።

ፈታኞችም ከወቀሳ አናመልጥም። «ለምን ሪግሬሽን አልሠራህም?» የምትል ጥያቄ ስንቱን ቀላልና ሐቀኛ ጥናት አበላሽታለች። ሠላሳ ሠንጠረዥ የሌለው ጽሑፍ ያልተለፋበት ይመስለናል። «ግንኙነት አላገኘሁም» ያለን ልጅ ዝቅ ያለ ውጤት እየሰጠን፣ ሁልጊዜ የሚያገኝ ልጅ አፈራን።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ተማሪዎች፣ መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት ባዶ ሠንጠረዣችሁን ሥሩ፤ በየሳጥኑ ምን እንደሚገባና በምን ቴስት እንደሚፈረድበት ጻፉ። ሠንጠረዥ የማይገባ ጥያቄ ካለ ሰርዙት። አማካሪዎች፣ ይህ ገጽ የሌለበትን ፕሮፖዛል አትፈርሙ። ፈታኞች፣ ስለ ቴስቱ ከመጠየቃችን በፊት ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡና ማን አጠገባቸው ቆሞ እንደመለሱ እንጠይቅ። «ግንኙነት የለም» የሚል ውጤት ሙሉ ማርክ ይግባው።

የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ በአውድማ ወቅት አንድ ሰዓት ሙሉ ሰጥቷችኋል፤ አበል የለው፣ ውጤቱን የሚነግረው የለው። ምን እንደምታደርጉበት ሳታውቁ ያንን ሰዓት አትውሰዱበት።